ሳይጠይቁ ያማለዱ ሽማግሎች

ሁሉን ሳይጠይቅ የሚያውቅ፣ እያወቀም የሚጠይቅ አምላክ ስሙ የተመሰገነ ይሁን። ዘመን በእጁ ነው፤ የሰው ነገር የሚጀመርበትንም የሚቋጭበትንም ሰዓት ለይቶ የሚያውቅ እርሱ ብቻ ነው። እኛ ከመካከሉ ዐይናችን የደረሰበትን ያህል እንናገራለን፤ ይህም ከዚያ መካከል የተቆረጠ ነው።

በመርካቶ ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር፣ ሸራ ሻጮች ከሚበዙበት መተላለፊያ ላይ፣ ጠሀ የሚባል ነጋዴ አለ። ለጭነት መኪና ልባስ፣ ለድንኳን፣ በአትክልት ተራ ለሚሸጡ ሰዎች የፀሐይ መከለያ የሚሆን ሸራ እየለካ ይሸጣል። አባቱ ከወሎ መጥተው የከፈቱትን ጠባብ ሱቅ እርሱ አስፍቶታል። ከልጆቹ መካከል ዩኒቨርሲቲ የገባችው አፍራ ብቻ ናት፤ በከተማው ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ የሒሳብ አያያዝ ትማራለች፤ ለመመረቅም አንድ መንፈቅ ቀርቷታል። ጠሀ ደንበኛ ሸራውን በጣቱ እየዳሰሰ በዋጋ ሲከራከረው እንኳ፣ «አይ ወንድሜ፣ እኔ እኮ የምታስመርቅ ልጅ አለችኝ፤ አትጭነኝ» እያለ ይቀልድ ነበር።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ አፍራ ወደ ሱቁ ገባችና አባቷ ሸራ ቆርጦ እስኪጨርስ ቆማ ጠበቀች።

«አባዬ፣ ዩኒቨርሲቲው ከሶኛል።»

«ማንን ሰደብሽ?»

«ማንንም አልሰደብኩም። በፈተና ላይ ለዱንያ መልስ ሰጥተሻል ነው የሚሉት። የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እንቀርባለን። ከተፈረደብን እንባረራለን።»

ዱንያ የብርድ ልብስ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ከሕፃንነታቸው ጀምረው አብረው ያደጉ፣ አብረው የሚያጠኑ ጓደኛሞች ናቸው። ጠሀ መቀሱን በሸራው ላይ እንደያዘ ቀረ። ከዚያም ቀና ብሎ ያየው ልጁን ሳይሆን መተላለፊያውን ነበር፤ የጎረቤት ጆሮ ሰምቶ እንደሆነ ለማወቅ።

«ለእናትሽ ነግረሻታል?»

«አልነገርኳትም። አባዬ፣ ነገሩ እኮ—»

«በቃ! ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ። ለዚህ ሰው አለው።»

የሱቁን በር ከወትሮው ቀደም ብሎ ዘጋና ወጣ።

ሰው አለው ያለው ስለ ሁለት ሽማግሎች ነበር። አንደኛው መሪጌታ ተክለ ሃይማኖት ናቸው፤ በሰፈሩ ካለው ቤተ ክርስቲያን ዜማ ሲያስተምሩ ያረጁ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም «የኔታ» ብሎ የሚጠራቸው። ሁለተኛው ሐጂ ቡርሃን ናቸው፤ የስልጤ ሰው፣ ቀድሞ የበርበሬ ጅምላ ነጋዴ፣ ዛሬ ንግዱን ለልጆቻቸው ትተው በሰፈሩ ዕርቅ ላይ የሚውሉ። በዚያ ሰፈር ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ሸሪክ ከሸሪኩ ሲካካድ፣ ጎረቤት በውሃ መውረጃ ሲናደድ፣ የሚጠሩት እነዚህ ሁለቱ ነበሩ።

አሠራራቸውም የታወቀ ነበር። ነገሩን አይመረምሩትም። «ማን ጀመረ፣ ማን አጠፋ» ብሎ መጠየቅ የደረቀን ቁስል መልሶ ማድማት ነው ብለው ያምናሉ። ያጠፋውም ያላጠፋውም «አጥፍቻለሁ» ይላል፤ የተቀየመውም «ስለ እናንተ ስል ይቅር ብያለሁ» ይላል፤ ተሳስመው ይለያያሉ። ይህ ሥርዓት በገበያው ውስጥ ብዙ ቤት አድኗል፤ ዛሬ የተጣሉ ሰዎች ነገ ማለዳ ግድግዳ ለግድግዳ ተጎራብተው ሱቅ የሚከፍቱ ናቸውና።

ጠሀ ሁለቱንም ወደ ሱቁ አመጣቸው። በሸራ ጥቅሎች ላይ አስቀመጣቸውና አንገቱን ደፍቶ ነገሩን አስረዳ። አፍራ ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር።

«የኔታ፣ እኔ አንድ ነገር ልናገር» አለች።

«ሽማግሌ ባለበት አንቺ ምን አገባሽ?» አለ አባቷ።

መሪጌታም በፍቅር እጃቸውን አነሡና፣ «ልጄ፣ አንቺ ዕረፊ። ለአንቺ የምንናገረው እኛ ነን» አሏት። ሲናገሩ ፊታቸው ላይ ከርኅራኄ በቀር ሌላ አልነበረም። ስሕተት ሁልጊዜ በክፉ ፊት አይመጣም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለቱ ሽማግሎች ከሳሹ ወደሆነው ወደ መምህር ጴጥሮስ ቤት ሄዱ። መምህሩ የሚኖረው በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሐጂ ቡርሃን ከእኩሌታው ሲደርሱ የብረቱን መደገፊያ ጨብጠው ቆሙ።

«የኔታ፣ ወደ ገነት የሚያወጣው መንገድ ደረጃ ነው የሚባለው እውነት ነው?»

«እውነት ነው ሐጂ። የገሃነሙ ግን ቁልቁለት ስለሆነ ለጉልበት ይመቻል።»

«እንግዲያ ስንመለስ እንጠንቀቅ» አሉ ሐጂ፤ ሁለቱም እየሳቁ ቀሪውን ወጡ።

መምህር ጴጥሮስ በሩን ሲከፍት ሁለት ሽማግሎች ቆመው አየ። ወጣት ቢሆንም ያገር ልጅ ነውና የመጡበትን ነገር ወዲያው ገመተ።

«ግቡ አባቶቼ፤ ተቀመጡ።»

«ቃል ሳትሰጠን አንቀመጥም» አሉ ሐጂ፣ ከደረጃው ገና ሳያርፉ።

መሪጌታም ነጠላቸውን አስተካክለው እጅ ነሡ። «ልጄ፣ አንዲት ልጃችን አጥፍታ አስቀይማሃለች። ልጅ ያጠፋል፤ አባት ይምራል። ለሽበታችን ስትል ይቅር በላት።»

መምህሩ ተጨነቀ። «ኧረ እባካችሁ ተቀመጡ! እኔ እኮ አልተቀየምኩም፤ የግሌ ጠብ አይደለም። በፈተና ላይ ዞራ ስታወራ በዐይኔ አየሁ። ወረቀታቸውን ሳይ ደግሞ ስሕተታቸው ሳይቀር አንድ ነው። ማሳወቅ ግዴታዬ ነው።»

«ግዴታህን ፈጽመሃል፤ አሁን ደግሞ ምሕረትህን ፈጽም» አሉ መሪጌታ።

ቆመው ቀሩ። በዚህ አገር ሽማግሌን በደጁ አቁሞ የሚጸና ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነው። መምህር ጴጥሮስ በመጨረሻ፣ «ነገሩ ከእጄ ወጥቷል። ነገር ግን ማጭበርበሯን አምና ይቅርታ ከጠየቀች፣ መባረሩ ቀርቶላት በአንድ ዓመት እገዳ እንዲታለፍ ኮሚቴውን እለምናለሁ» አለ።

«አንድ ዓመት?» አሉ ሐጂ፤ «ዐይን ጨፍኖ መግለጥ ማለት አይደል!» ወዲያውም ተቀመጡ። ሻይ ቀረበላቸው፤ መርቀውም ወጡ።

ወደ ሱቁ የተመለሱት እንደ ድል አድራጊ ነበር። ሐጂ ቡርሃን ገና ከደጅ፣ «የምሥራች ጠሀ! መባረሩን ወደ አንድ ዓመት አስወረድነው!» አሉ። ጠሀ እጃቸውን ሳመ። አፍራ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

«ምን ብዬ ነው አንድ ዓመት የሚሆንልኝ?»

«አጥፍቻለሁ ብለሽ ነዋ!»

«ምኑን?»

ሐጂ ሳቁ። «አይ ልጅነት! እኔ ባለቤቴን ዕድሜ ልኬን ይቅርታ ስጠይቃት፣ ያጠፋሁትን አውቄው የማውቅ ይመስልሻል?»

«ሐጂ፣ ባለቤትዎ ይቅር ብለው ይረሱልዎታል። ዩኒቨርሲቲው ግን ይጽፈዋል። ነገ ሥራ ስጠይቅ ‹አጭበርብራ የታገደች› የሚል ከኋላዬ ይከተለኛል። ሒሳብ ሠራተኛን በዚህ ስም ማን አምኖ ይቀጥራል? መባረሩም እገዳውም ለእኔ አንድ ነው።»

«ሽማግሌ ልትረግጪ ነው?» ጮኸ ጠሀ። «እነዚህ ሰዎች አራት ፎቅ ወጥተው ለምነውልሽ!»

«አልረገጥኩም አባዬ። ያላደረግሁትን ግን ይቅር በሉኝ አልልም። እኔ በዚያ ፈተና—»

«ዝም በይ! አንድ ቃል እንዳልሰማ!»

አፍራ መጽሐፎቿን አንሥታ ከበሩ ስትደርስ ግን ዞር አለችና፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «ከሰሱኝ ካልኳችሁ ጀምሮ አንድም ሰው ‹ምን ሆነ?› ብሎ አልጠየቀኝም» አለች። ሄደችም።

ሐጂ ቡርሃን፣ «የዘንድሮ ልጅ!» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። በመሪጌታ ተክለ ሃይማኖት ልብ ግን ያ ቃል እንደ እሾህ ተተክሎባቸው ነበር። በማግሥቱ ለኪዳን ጸሎት ቆመው ሳለ ለብዙ ዘመን ሲያስተምሩት የኖሩት ነገር ድንገት እንደ አዲስ መጣባቸው፤ አዳም ከዛፉ በበላ ጊዜ፣ ሁሉን የሚያውቀው አምላክ አስቀድሞ ያደረገው መቅጣት ሳይሆን መጠየቅ ነበር። ወዴት እንዳለ ጠየቀው፤ ማን እንደነገረውም ጠየቀው፤ መልሱን እስኪናገር ድረስም ጠበቀው። ይህን ለደቀ መዛሙርት ሲተረጉሙ ኖረው፣ በሸራ ጥቅል ላይ ሲቀመጡ ረስተውት ነበር።

በዚያው ቀን ከዩኒቨርሲቲው ለጠሀ ስልክ ተደወለ። መምህር ጴጥሮስ ሽማግሎች ወደ ቤቱ መምጣታቸውን፣ ደንቡ ስለሚያዝዘው፣ ለኮሚቴው አሳውቋል፤ ሽማግሎቹም ለምስክርነት ይፈለጋሉ። ጠሀ በዚህ ጊዜ ደነገጠ። «የኔታ፣ ሄደው ይጠይቋት እንጂ!» አላቸው።

«አሁን ብጠይቃት ምስክርነቴ ከነገሯ ጋር ይደባለቃል» አሉ መሪጌታ። «ሳልጠይቅ ሄጃለሁ፤ የምመሰክረውም ሳልጠይቅ መሄዴን ነው።»

የኮሚቴው ስብሰባ በሚደረግበት ቀን ጠሀ ከደጅ፣ በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀረ፤ ከምስክር በቀር ቤተሰብ አይገባምና። በክፍሉ ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ ነበር። ከራስጌው ሰብሳቢዋ ዶክተር አልጋነሽ፣ ከጎናቸው ሁለት መምህራንና አንድ የተማሪዎች ተወካይ፣ ከጫፉ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ጸሐፊ ተቀምጠዋል። መምህር ጴጥሮስ በአንድ ወገን፣ አፍራና ዱንያ በሌላው ወገን። ዱንያ በመሐረቧ አፏን ሸፍና ትንፋሿ ይሰማ ነበር።

ዶክተር አልጋነሽ ሽማግሎቹን በአክብሮት አስቀመጡና ወደ መሪጌታ ዞሩ።

«አባታችን፣ ወደ መምህሩ ቤት ሄዳችሁ ይቅርታ ጠይቃችኋል። ተማሪዋ ማጭበርበሯን አምና ነው የላከቻችሁ?»

ሐጂ ቡርሃን በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው። «አዎ ይበሉና አንድ ዓመቱ ይጽናልን» አሉ በሹክሹክታ፤ ሹክሹክታቸው ግን የበርበሬ ነጋዴ ሹክሹክታ ነበርና ጸሐፊው ሳይቀር ቀና አለ።

መሪጌታ ተነሥተው ቆሙ። «አዎ» ቢሉ ልጅቱ አንድ ዓመት ታግዳ ስሟ ለዘለዓለም ይጎድፋል። «የለም» ቢሉ፣ ሰፈሩ የሚታረቅበት አንደበታቸው በማያውቀው ነገር ሲለምን እንደነበር በሰው ፊት ይገለጣል።

«የለም» አሉ። «አልላከችንም። አላመነችም። እኛም አልጠየቅናትም።»

«ሳትጠይቋት ለምን ጥፋት ይቅርታ ጠየቃችሁ?»

«በእኛ ዘንድ ልማድ ነው። ሰው ለማስማማት ስንሄድ ጥፋቱን አንመዝንም። ለተጣሉ ሰዎች ይህ መልካም ነበር። ይህች ልጅ ግን ከማንም አልተጣላችም፤ ተከሰሰች እንጂ። የተከሰሰ ሰው የሚያስፈልገው የሚለምንለት ሳይሆን የሚሰማው ነው። እግዚአብሔር አዳምን የጠየቀው ያደረገውን ስላላወቀ አይደለም፤ ፍርድ ከጥያቄ እንዲጀምር ሊያስተምረን ነው። እርሱ እያወቀ ጠየቀ፤ እኛ የማናውቀው ግን አልጠየቅንም። ማሩልን ማለታችን ራሱ ፍርድ ነበር። ቃላችን በእርሷ ላይ እንዳይቆጠርባት እለምናለሁ።»

ሐጂ ቡርሃን ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «እኔም ያው ነኝ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ዋጋ ያስወረድን መስሎን ደስ ብሎን ሻይ ጠጥተናል» አሉ። የተማሪዎቹ ተወካይ ፈገግታውን በእጁ ሸፈነ።

ዶክተር አልጋነሽ ለጸሐፊው፣ «የሽማግሎቹ ልመና ተማሪዋ ጥፋቷን እንዳመነች ተቆጥሮ እንዳይያዝ» አሉት። ከዚያም ወደ ልጅቱ ዞሩ።

«አፍራ፣ ምን ሆነ?»

አፍራ ወንበሯን ወደ ሰብሳቢዋ አዞረች። ከዚያ ጀመረች።

«ዱንያ አስም አለባት። በፈተናው መካከል ከኋላዬ ትንፋሿ ሲያጥር ሰማሁ። ያን ድምፅ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ዞር ብዬ ‹መድኃኒትሽስ?› አልኳት። ‹ቦርሳዬ ውስጥ ነው› አለችኝ፤ ቦርሳችን ደግሞ በር ላይ ተሰብስቦ ነበር። ‹እጅሽን አውጪ› አልኳት፤ ‹አይ፣ ይተወኛል› አለች። ያወራነው ይኸው ነው። ፈተናው ሲያልቅ እኔ ነኝ ደግፌ ወደ ክሊኒክ የወሰድኳት። መናገሬ ጥፋት ነው፤ እጄን አውጥቼ ለፈታኙ መንገር ነበረብኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ እንዳያያት ፈርቼላት ነው። መልስ ግን አልሰጠሁም።»

«ወረቀታችሁስ?» አለ መምህር ጴጥሮስ፤ ድምፁ ክፋት አልነበረበትም። «ስድስተኛው ጥያቄ ላይ ሁለታችሁም አንድ ዓይነት ስሕተት ሠርታችኋል። በአዳራሹ ከነበሩት ሌላ ማንም እንደዚያ አልተሳሳተም።»

«መምህር፣ ጥያቄው ‹ትርፉ ከመሸጫው ዋጋ ሃያ በመቶ ነው› ይላል። እኛ ከመግዣው አሰላነው። በአባቴ ሱቅም በዱንያ አባት ሱቅም፣ ‹ሃያ ከመቶ አተረፍኩ› ያለ ሰው የሚቆጥረው በገዛበት ላይ ነው። ከሕፃንነታችን የሰማነው ይኸው ነው። ፈተና ላይ ስደነግጥ ቤቴ የሰማሁት ቀደመብኝ። ተሳስቻለሁ። ግን ከዱንያ አልቀዳሁትም፤ ዱንያም ከእኔ አልቀዳችም።» ትንሽ አሰበችና ቀጠለች። «በሌላ አዳራሽ የተፈተኑ የመርካቶ ልጆች አሉ። የሙስዓብን ወረቀት ይዩት፤ እነሱም ቤት ጨርቅ ይሸጣሉ።»

መምህሩ ሰብሳቢዋን አየ፤ ሰብሳቢዋም ራሳቸውን ነቀነቁለት። ወጥቶ ሄደ። እስኪመለስ ድረስ በክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የዱንያ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ሲገባ የመልስ ወረቀት በእጁ ነበር፤ ፊቱም ተለውጧል።

«ከሌላው አዳራሽ ነው የተፈተነው፤ ስሕተቱ ግን ያው ነው» አለ። «ክፍል ውስጥ ይህን ነገር ስንት ጊዜ ለፍልፌ ነበር! ክሴን በዚህ በኩል አነሣለሁ። ቀድሜ ማየት ነበረብኝ።»

ዱንያም በተቆራረጠ ድምፅ አፍራ ያለችውን አጸናች፤ የክሊኒኩ ነርስም በስልክ ተጠይቃ ልጅቱ በዚያ ሰዓት መታከሟን ተናገረች። ኮሚቴው ምስክሮችን አስወጥቶ መከረ፤ መልሶም አስገባቸው። ዶክተር አልጋነሽ ውሳኔውን በንባብ አሰሙ፤ የማጭበርበር ክሱ አልተረጋገጠም፤ በፈተና ሰዓት ያለፈቃድ በመነጋገራቸው ግን ሁለቱም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣቸዋል። ወደፊትም ሕመም ያለባቸው ተማሪዎች መድኃኒታቸውን በእጃቸው ይዘው እንዲፈተኑ ኮሚቴው ለፈታኞች ያሳስባል።

አፍራ ተነሣችና እጅ ነሣች። «ያለፈቃድ ተናግሬያለሁ። ይቅርታ እጠይቃለሁ» አለች። መሪጌታ ይህን ሲሰሙ ዐይናቸው እንባ አቀረረ። «አጥፍቻለሁ» የሚለውን ቃል በዘመናቸው ብዙ ሰው ሲለው ሰምተዋል፤ ክብደቱን በልኩ ይዞ ሲነገር ግን እንዲህ የሰሙት ጥቂት ጊዜ ነው።

ከደጅ ጠሀ ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ ተነሣ። ሐጂ ቡርሃን ሊነግሩት አፋቸውን ሲከፍቱ፣ መሪጌታ እጅጌያቸውን ያዙ።

«ነፃ ናት፤ ይህን ብቻ ይወቅ። የቀረውን ይተዉለት ሐጂ» አሉ። «አባት ነው፤ ይጠይቃት።»

አባትና ልጅ በሚኒባስ እስከ ሲኒማ ራስ ተጓዙና ከዚያ በእግራቸው ወደ ሰባተኛ ወረዱ። ጠሀ ሱቁን ከፈተ። ደንበኛ የሚቀመጥበትን ወንበር በእጁ ጠርጎ ለልጁ ሰጣትና እርሱ በሸራው ጥቅል ላይ ተቀመጠ።

«ልጄ» አላት፤ ኮፍያውን ከጎኑ አኖረ። «ምን ሆነ?»

አፍራ ከፈተናው ቀን ማለዳ ጀምራ ትነግረው ጀመር። ጥቂት እንደተናገረች አንድ ሰው ከበሩ ብቅ አለና ለአይሱዙ የሚሆን ሸራ እንዳለ ጠየቀ፤ ጥሩ ገዢ ይመስላል፤ በዚያ ገበያ ደግሞ ገዢን ያስጠበቀ ሰው ገዢውን ለጎረቤቱ እንደሸኘ ይቆጠራል።

«ቆይ ወንድሜ» አለው ጠሀ፣ ዐይኑን ከልጁ ሳይነቅል፤ «እየሰማሁ ነው።»

ይህን ያነበብህ፣ ይህንም ያነበብሽ፣ ቤታችሁ የተባረከ ይሁን። ልጆቻችሁ ሳይጠየቁ የማይፈረድባቸው፣ ሲናገሩም የሚሰማቸው የማያጡ ይሁኑ። እያወቀ የጠየቀው አምላክ ለአባወራው የሚሰማ ጆሮን፣ ለእመቤቲቱ ዕረፍትን፣ ለልጆቹም እውነትን የማይፈራ አንደበትን ያድል። አሜን።